መንታ ሕፃናት ከዋክብትና የአቧራ ዲስኮቻቸው፦ ታሕተ ቀይ ብርሃን ከኮሎራዶ ሰማይ የገለጠው

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ዴንቨርና አውሮራ የሚገናኙበት ሃቫና ስትሪት በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚታወቀው በምግብ ቤቶቹ፣ በእንጀራ መሸጫዎቹና በሱቆቹ ነው። ቀና ብሎ ሰማዩን የሚያይበት ሰው እምብዛም አይገኝም፤ የመንገዱ መብራት አብዛኞቹን ከዋክብት ይጋርዳቸዋልና። ሆኖም በታኅሣሥ ምሽት ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ሜዳው ወደሚጀምርበት አቅጣጫ ላዞረ ሰው፣ ቀላ ያለችው አልደባራንና ከእርሷ ከፍ ብለው የተሰበሰቡት ሰባቱ ከዋክብት በመብራቱም መካከል ይታያሉ። ሁለቱም የሚገኙት የአገራችን ሐሳበ ከዋክብት ሠውር፣ ማለትም በሬ፣ ብሎ በሚጠራው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው።

በዚሁ ሠውር ውስጥ ዓይን የማያየው ሌላ ነገር አለ። ከምድር 450 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የተንጣለለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። በውስጡ ዕድሜያቸው ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት የማይበልጥ ከዋክብት ይገኛሉ፤ ዛሬም የሚወለዱ አሉ። ፀሐያችን 4.6 ቢሊዮን ዓመት ያህል መኖሯን ስናስብ፣ እነዚህ ገና ከአራስ ቤት ያልወጡ ሕፃናት ናቸው። ብዙዎቹም ብቻቸውን የተወለዱ አይደሉም፤ መንታ ናቸው።

ስለ መንታዎቹ ማወቅ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ፀሐይን ከሚመስሉ ከዋክብት መካከል ወደ ግማሽ የሚጠጉት ቢያንስ አንድ ጓደኛ ኮከብ አላቸው። ፕላኔቶች ደግሞ የሚሠሩት አዲስ በተወለደ ኮከብ ዙሪያ ከሚሽከረከር ጠፍጣፋ የጋዝና የአቧራ ዲስክ ነው። ሁለት ከዋክብት ጎን ለጎን ሲወለዱ አንዱ የሌላውን ዲስክ በስበቱ ይበጠብጣል። ዲስኩ ሳይበስል ከፈረሰ ፕላኔት የለም። እንግዲህ በሰማይ ካሉት ከዋክብት እኩሌታ ለሚሆኑት ዓለማት ይኑሯቸው አይኑሯቸው የሚወሰነው በእነዚህ ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ነው። ይህንንም ለማየት ያስቻለው ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ የሚባለው ጨረር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ምጣዱ ከመቅላቱ በፊት

እንጀራ ጋጋሪ ምጣዷ መጋሉን ለማወቅ ምጣዱ እስኪቀላ አትጠብቅም። እጇን ከፍ አድርጋ በላዩ ትዘረጋለች፤ ሙቀቱ ለመዳፏ ይናገራል። መዳፏ የሚቀበለው ያ የማይታይ ጨረር ታሕተ ቀይ ነው። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ይህን ጨረር ያመነጫል፤ የነገሩ ሙቀት ሲቀንስ የጨረሩ የሞገድ ርዝመት እየረዘመ ይሄዳል። የሰው ዓይን የሚያየው ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ያለውን ብርሃን ሲሆን፣ ታሕተ ቀይ ከዚያ ቀጥሎ ይጀምርና እስከ ብዙ መቶ ማይክሮሜትር ይዘልቃል።

በወጣት ኮከብ ዙሪያ ያለው ዲስክ ልክ እንደ ምጣዱ ነው። ለዓይን ጨለማ ቢሆንም በኮከቡ ብርሃን ይሞቃል፤ የሞቀውም አቧራ በታሕተ ቀይ ያበራል። ለኮከቡ የቀረበው፣ ከሺሕ ዲግሪ በላይ የጋለው አቧራ በ2 ማይክሮሜትር አካባቢ ይታያል። ምድር ከፀሐይ በምትርቅበት ያህል ርቀት ላይ ያለው ለብ ያለ አቧራ በ10 ማይክሮሜትር ግድም ይደምቃል። በዲስኩ ጠርዝ ያለው እጅግ ቀዝቃዛው ክፍል ደግሞ ከዚያም በረዘመ ሞገድ ብቻ ይገኛል። ስለዚህ ተመራማሪው ዲስኩን እንደ ሥዕል ባያየው እንኳ፣ በየሞገዱ የሚደርሰውን ብርሃን እየለካ አቧራው ከኮከቡ በምን ያህል ርቀት እንዳለ መገመት ይችላል። በአንድ ሞገድ አካባቢ ብርሃኑ ከጎደለ፣ በዚያ ርቀት አቧራ የለም ማለት ነው፤ በዲስኩ ውስጥ ባዶ ቦታ አለ።

ሌላው ጥቅም ጨረሩ አቧራን ማለፉ ነው። ከዐሥር ሺሕ እጅ አንዱን ብርሃን ብቻ ወደ ዓይናችን የሚያሳልፍ የአቧራ ግድግዳ፣ በ2.2 ማይክሮሜትር 40 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል። ከዋክብት የሚወለዱት ከእንዲህ ያለው ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ፣ በታሕተ ቀይ የሚያይ መሣሪያ ከመሠራቱ በፊት የልደታቸው ታሪክ በአብዛኛው ግምት ነበር።

ባልተጠበቀ ስፍራ የተገኘ ወንድም

የወጣት ከዋክብት ሁሉ መጠሪያ የሆነችው ኮከብ ቲ ታውሪ ትባላለች፤ የምትገኘውም በሠውር ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ራስል ሃይንድ በ1852 ከአጠገቧ ካለችው ትንሽ ደመና ጋር አገኛት። ደመናዋ ከዓመታት በኋላ ደብዝዛ ጠፋች፤ ኋላም ተመልሳ ታየች። በ1945 አሜሪካዊው አልፍሬድ ጆይ ብርሃናቸው የሚዋዥቅ፣ ከጨለማ ደመና አጠገብ የሚገኙ መሰሎቿን ሰብስቦ በስሟ ጠራቸው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ቲ ታውሪ የወጣት ኮከብ ምሳሌ ሆና በመማሪያ መጻሕፍት ኖረች።

በ1982 ግን ዳይክ፣ ሳይመንና ዙከርማን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ በታሕተ ቀይ ባደረጉት ምልከታ፣ ከኮከቧ በስተደቡብ ሌላ ምንጭ እንዳለ አስታወቁ። ሁለቱን የሚለያያቸው ምድር ከፀሐይ በምትርቅበት መጠን ሲለካ ወደ 100 እጥፍ ነው። ይህ ደቡባዊ ወንድም በተራ ብርሃን ታይቶ አያውቅም፤ በታሕተ ቀይ ግን ደማቅ ነው። ምሳሌ ተደርጋ የኖረችው ኮከብ ራሷ ከመንታ አንዷ ሆና ተገኘች። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኬክ ቴሌስኮፕ የተደረገ ምልከታ ደቡባዊው ወንድም ራሱ ሁለት መሆኑን ገለጠ። እነዚህ ሁለቱ አንዱ በሌላው ዙሪያ በ27 ዓመት ገደማ ይዞራሉ፤ የሚራራቁትም ከፀሐይ እስከ ሳተርን ካለው ርቀት ብዙም በማይበልጥ ነው።

ቲ ታውሪ ልዩ ሆና አልቀረችም። በ1993 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በየፊናቸው በሠውርና በሌሎች የልደት ደመናዎች ያሉትን ወጣት ከዋክብት በታሕተ ቀይ መርምረው፣ ጥንዶች በጎልማሶቹ ከዋክብት መካከል ካለው መጠን በእጅጉ እንደሚበዙ አረጋገጡ። ከአሜሪካኑ ጥናት መሪዎች አንዷ አንድሪያ ጌዝ ነበረች። ይህችው ተመራማሪ ያንኑ የምልከታ ጥበብ ወደ ፍኖተ ሐሊብ ማእከል አዙራ፣ በዚያ ስለተደበቀው ግዙፍ አካል ባደረገችው ጥናት በ2020 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆናለች። ችግሩ በሁለቱም ሥራ አንድ ነበር። የምድር አየር እንደ ወራጅ ውሃ ይናወጣል፤ በስሩ ያለውን ሁሉ ያደበዝዛል። መፍትሔው ከአየሩ መናወጥ የፈጠኑ ብዙ አጫጭር ምስሎችን አንሥቶ በስሌት ማዋሐድ ነበር፤ በኋላም የመስተዋቱን ቅርጽ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያስተካከሉ የአየሩን ነውጥ ማካካስ ተቻለ።

ከቦልደር የወጡ ዓይኖች

ኮሎራዶ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ድርሻ ከተመልካችነት ይልቃል። ከሃቫና ስትሪት፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ በአንድ ሰዓት መኪና በሚደረስበት በቦልደር ከተማ፣ ቦል ኤሮስፔስ የተባለው ኩባንያ የታሕተ ቀይ ሥነ ፈለክን ዋና ዋና መሣሪያዎች ሠርቷል። በጥር 1983 የመጠቀው አይራስ ሰማዩን በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በታሕተ ቀይ ከጠፈር ቃኘ፤ በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዘው ቴሌስኮፑ የቦልደር ሥራ ነበር። በነሐሴ 2003 የመጠቀው ስፒትዘርም ቴሌስኮፑንና ማቀዝቀዣውን ያገኘው ከዚያው ነው። የጄምስ ዌብ 18 የቤሪሊየም መስተዋቶችም በዚያው ኩባንያ መሪነት ተሠርተው ከገና ዕለት 2021 ጀምሮ በጠፈር ላይ ናቸው። ኩባንያው በ2024 ቢኤኢ ሲስተምስ በተባለው ድርጅት ተገዝቷል።

ማቀዝቀዝ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቴሌስኮፑ ራሱ ከሞቀ ታሕተ ቀይ ያመነጫል፤ ያም በፀሐይ ብርሃን ሻማ እንደ መፈለግ ይሆናል። ስለዚህ የዌብ መስተዋቶች ከዜሮ በታች 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቀዝቅዘው ይሠራሉ። ከምድር ለሚመለከቱትም ተመሳሳይ ፈተና አለ። በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን አብዛኛውን ታሕተ ቀይ ይውጠዋል፤ መድኃኒቱ ወደ ደረቅና ወደ ከፍተኛ ስፍራ መውጣት ነው። የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው በስተምዕራብ በሚገኘው፣ እስከ 2023 ማውንት ኤቫንስ ይባል በነበረውና አሁን ማውንት ብሉ ስካይ በተሰኘው ተራራ አናት ላይ፣ ከ4,300 ሜትር በላይ ከፍታ፣ በ1990ዎቹ የተከለው ሜየር ዎምብል የምልከታ ጣቢያ የተሠራው ይህንኑ ደረቅ አየር ፍለጋ ነበር። ሁለት ቴሌስኮፖች ጎን ለጎን የተጣመሩበት በመሆኑም ከመንታ ከዋክብት ጋር በመልክ ይመሳሰል ነበር። የተራራው ነፋስ ግን አልራራለትም፤ የክረምት ማዕበል ጉልላቱን ሰበረው፤ በኋላም ጣቢያው ተነሣ።

አውሮራ ስለ ታሕተ ቀይ ሌላም ትዝታ አላት። ከሃቫና ጥቂት ማይሎች ወደ ምሥራቅ በበክሊ የጠፈር ኃይል ሠፈር ከሩቅ የሚታዩት ነጫጭ ግዙፍ ኳሶች አንቴና የሚሸፍኑ ናቸው። ሠፈሩ የሚሳይል እሳትን በታሕተ ቀይ ከጠፈር የሚከታተሉ ሳተላይቶች የሚመሩበት ነው። ግንኙነቱ ለስም ብቻ አይደለም። የከዋክብት ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ አጋማሽ በእጃቸው የገቡት ምስል ቀራጭ የታሕተ ቀይ ጠቋሚዎች በብዙው ለጦር ተብሎ የተደከመባቸው ነበሩ። ለእሳት ጥበቃ የተሠራው ዓይን የከዋክብትን አራስ ቤትም አሳየ።

ፕላኔት የተባለው ኮከብ

ከቦልደር የወጣው ስፒትዘር ሥራ በጀመረ በዓመቱ፣ በ2004፣ ከሠውር ትልቅ ዜና ላከ። ኮኩ ታው 4 የምትባል ወጣት ኮከብ በዲስኳ መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ እንዳለው ታወቀ። ማስረጃው ከላይ የተገለጸው የብርሃን ጉድለት ነበር፤ በአጭሩ ሞገድ የሙቅ አቧራ ምልክት አልነበረም፤ በረጅሙ ሞገድ ግን ቀዝቃዛው አቧራ በብዛት ይታይ ነበር። ባዶው ቦታ ምድር ከፀሐይ በምትርቅበት 10 እጥፍ ያህል ስፋት አለው። ይህን አቧራ ማን ጠረገው? በጊዜው ይበልጥ የሚያስጎመጀው መልስ ገና የተወለደ ግዙፍ ፕላኔት የሚል ነበር። ኮከቧ እጅግ ወጣት ስለሆነች፣ ፕላኔቱም ከሚታወቁት ሁሉ የመጨረሻው ሕፃን ይሆን ነበር። ዜናውም በዓለም ዙሪያ በዚህ መልክ ተሰማ።

ከአራት ዓመት በኋላ ማይክል አየርላንድና አዳም ክራውስ ከሃዋይ ኬክ ቴሌስኮፕ ጋር ወደ ኮኩ ታው 4 ተመለሱ። የተጠቀሙበት ዘዴ ለሰሚው ግራ የሚያጋባ ነው። በዓለም ከታላላቆቹ አንዱ በሆነው መስተዋት የተሰበሰበውን ብርሃን፣ ጥቂት ቀዳዳዎች ባሉት ሽፋን አሳልፈው አብዛኛውን ጣሉት። በየቀዳዳው ያለፈው ብርሃን እርስ በርሱ ሲደራረብ በሚፈጥረው መስመር፣ በተራ ምስል የማይነጣጠሉ ሁለት ነጥቦች ይለያያሉ። የተገኘውም ፕላኔት ሳይሆን ኮከብ ነበር። ኮኩ ታው 4 በብርሃናቸው የሚቀራረቡ ሁለት ከዋክብት ናት፤ በመካከላቸው ምድር ከፀሐይ በምትርቅበት 8 እጥፍ ገደማ ርቀት አለ። ባዶውን ቦታ የጠረጉት ሁለቱ ራሳቸው፣ በሽክርክሪታቸው ነው።

ይህ ታሪክ ከዚህ መስክ ታሪኮች ሁሉ ይበልጥ አስተማሪ ነው ብል አላጋነንኩም። የስፒትዘር ልኬት አንዳች ስሕተት አልነበረበትም፤ ባዶ ቦታው በእርግጥ አለ። የተለወጠው የምክንያቱ ስም ነው። ከዚያ ወዲህ መካከሉ ባዶ የሆነ ዲስክ በተገኘ ቁጥር፣ ፕላኔት ከመባሉ በፊት መንታ ኮከብ አለመኖሩን ማጣራት የተለመደ ሥርዓት ሆኗል።

ዲስኩን ማን ይቆርጠዋል

ስበት በጥንድ ከዋክብት ዙሪያ ያለውን ቁስ በሦስት ስፍራ ብቻ እንዲቀመጥ ይፈቅድለታል። አንደኛው በመጀመሪያው ኮከብ ዙሪያ፣ ሁለተኛው በሁለተኛው ኮከብ ዙሪያ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ከውጭ በሚያቅፍ ቀለበት ላይ ነው። እንደ ግምታዊ ደንብ፣ የየኮከቡ የግል ዲስክ በሁለቱ መካከል ካለው ርቀት ሲሶ ያህል ላይ ይቆረጣል፤ የጋራው ቀለበት ደግሞ ከዚያው ርቀት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ርቆ ይጀምራል። ምሕዋራቸው ከክብነት በራቀ መጠን ቁርጡ ይከፋል። ምድር ከፀሐይ በምትርቅበት 30 እጥፍ፣ ማለትም እስከ ኔፕቱን ባለው ርቀት የሚራራቁ ጥንዶችን ብንወስድ፣ የየግላቸው ዲስክ ከሳተርን ምሕዋር ብዙም አያልፍም።

ውጫዊው ቀለበት በጉልህ የታየው በጂጂ ታው ላይ ነው፤ ይህችም በሠውር ውስጥ ናት። መካከሏ ያሉት ዋና ዋና ከዋክብት ምድር ከፀሐይ በምትርቅበት 35 እጥፍ ያህል ይራራቃሉ፤ ቀለበቱ ግን ከ180 እጥፍ ይጀምርና እስከ 260 እጥፍ ይደርሳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሚሊሜትር ሞገድ ተገኘ፤ በ1996 ደግሞ ፍራንሷ ሮዲዬና ባልደረቦቹ ከሃዋይ በታሕተ ቀይ ምስሉን አሳዩ። ቆይቶም በሐብል ላይ የተተከለው፣ ይኸውም በቦልደር የተሠራው ኒክሞስ የተባለ የታሕተ ቀይ ካሜራ ቀለበቱን አጥርቶ አነሣው። በ2014 በቺሊ የሚገኘው አልማ ከቀለበቱ ወደ ውስጥ የሚፈስ ጋዝ አገኘ። ውጫዊው ቀለበት ውስጣዊውን ዲስክ በቀጭን ጅረት እየመገበው ነበር ማለት ነው፤ ያለዚያ ጅረት ውስጣዊው ዲስክ ፈጥኖ ባለቀ ነበር። በዚያው ዓመት ከሁለቱ አንዱ ኮከብ ራሱ ጥንድ መሆኑ በታሕተ ቀይ ኢንተርፌሮሜትሪ ተረጋገጠ። በሠውር ውስጥ ሁለት ብለን የጀመርነው ሦስት ሆኖ መገኘቱ እንግዲህ ልማድ ሳይሆን አልቀረም።

ዲስኮቹ በአንድ አቅጣጫ መዘርጋታቸውም የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ኤችኬ ታው በተባለው ጥንድ የሁለቱ ከዋክብት ዲስኮች አንዱ ከሌላው በ60 ዲግሪና ከዚያ በላይ ማዘንበሉን ኤሪክ ጄንሰንና ሬቸል አኬሰን በ2014 አስታውቀዋል። ከእንዲህ ያለ ዲስክ የሚወለድ ፕላኔት ምሕዋሩ ገና ከመነሻው ያዘነበለ ይሆናል።

የመጨረሻውን ጥያቄ፣ ማለትም ስንቶቹ ዲስካቸውን ያቆያሉ የሚለውን፣ ክራውስና ባልደረቦቹ በ2012 በሠውርና በአጎራባቹ አውራይጋ ያሉትን ከዋክብት ቆጥረው መለሱ። ከ40 እጥፍ ባነሰ ርቀት ከተቀራረቡት ጥንዶች ከሦስት እጅ ሁለቱ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ዲስካቸውን ያጣሉ። ብቸኞቹና በሩቁ የተጣመሩት ግን ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ለሁለትና ለሦስት ሚሊዮን ዓመት ያቆዩታል። አንድ ሚሊዮን ዓመት እንደ ጁፒተር ያለ ግዙፍ ፕላኔት ለመሥራት እጅግ አጭር ነው። ነገር ግን ሲሶው ጥንድ ዲስኩን አላጣም፤ ተስፋውም ያለው በእነርሱ ዘንድ ነው። ስፒትዘርም በ2007 ይፋ በሆነ ጥናት 69 ጎልማሳ ጥንዶችን መርምሮ በ40 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ የፕላኔት መሥሪያ ፍርስራሽ የሚመስል አቧራ አግኝቷል። አቧራው በጣም በተቃቀፉትና በጣም በተራራቁት ጥንዶች ዘንድ ይበዛል፤ በመካከለኛ ርቀት ባሉት ዘንድ ግን ያንሳል።

ሁለት ፀሐይ የሚወጣበት ዓለም በእርግጥ መኖሩ የታወቀው በመስከረም 2011፣ ኬፕለር 16ቢ በተገኘ ጊዜ ነው። ሳተርንን የሚያህለው ይህ ፕላኔት ሁለት ከዋክብትን በ229 ቀን ይዞራል። ያገኘችው የኬፕለር መንኮራኩር በዚያው በቦልደር የተሠራች ስትሆን፣ በየዕለቱ ትመራ የነበረውም ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ተማሪዎችም በተቀመጡበት መቆጣጠሪያ ክፍል ነበር።

ጄምስ ዌብም ከዚህ መስክ የራሱን ድርሻ እያመጣ ነው። በሰኔ 2024 ዌብና አልማ በአንድነት በአቅራብ አጎራባች ባለ የልደት ደመና ውስጥ ያለችውን ደብልዩኤል 20 የተባለች የከዋክብት ቡድን አጋልጠዋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የምትታወቅ ናት፤ ከአባላቷ አንዱ ግን ሁለት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም የየራሳቸው ዲስክና ጎን ለጎን የሚፈልቅ የጋዝ ጅረት አላቸው።

የዴንቨር ግርዶሽ

በዴንቨር ስም የሚጠራ የጥንድ ኮከብና የዲስክ ታሪክ ቢኖር የኤፕሲሎን አውራይጌ ነው። እርግጥ ይህች ሕፃን አይደለችም፤ ወደ ሕይወቷ ማብቂያ የተጠጋች ግዙፍ ኮከብ ናት። ከሠውር በስተሰሜን፣ ካፔላ ከምትባለው ደማቅ ኮከብ አጠገብ ያለ ቴሌስኮፕ ትታያለች። በ27 ዓመት አንድ ጊዜ ከብርሃኗ ግማሽ ያህሉን ታጣለች፤ መደብዘዟም ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል። ጀርመናዊው ዮሐን ፍሪች ይህን በ1821 ካስተዋለ ወዲህ የጋረዳት አካል ምንነት ትውልድ ለትውልድ ሲተላለፍ የኖረ እንቆቅልሽ ነበር። በ1965 ሱ ሹ ሁዋንግ ጋራጁ ከጎን የሚታይ ጠፍጣፋ ዲስክ ነው አለ፤ ማስረጃው ግን በዓይን የሚታይ አልነበረም።

የ2009 ግርዶሽ ሲቃረብ በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሮበርት ስቴንሰል ዘመቻውን አስተባበሩ፤ ተራ የሰማይ አፍቃሪዎችም ሳይቀሩ ከየአገሩ የብርሃን ልኬት ላኩ። ተማሪያቸው ብራያን ክሎፐንቦርግ ከሚሺጋን ባልደረቦቹ ጋር በካሊፎርኒያ ማውንት ዊልሰን ያሉትን የቻራ ቴሌስኮፖች ብርሃን በታሕተ ቀይ አጣምሮ የኮከቧን ፊት ቀረጸ። በኅዳርና በታኅሣሥ 2009 የተነሡት ምስሎች ረዘም ያለ ጥቁር ጥላ በኮከቧ ላይ ሲራመድ ያሳያሉ። ውጤቱ በሚያዝያ 2010 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ፤ የሁዋንግ ዲስክ ከ45 ዓመት በኋላ ታየ። ከኮከቧ ዞር ያለው የዲስኩ ጎን ሙቀት 275 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ይህም በደንብ ከጋለ የእንጀራ ምጣድ ብዙ አይርቅም፤ ለዓይን ጥቁር፣ ለታሕተ ቀይ ግን ብሩህ መሆኑም ስለዚህ ነው።

ከእንጦጦ ወገን

በኢትዮጵያ የዘመናዊው ሥነ ፈለክ ቤት በ3,200 ሜትር ከፍታ በእንጦጦ ተራራ ላይ ነው። በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ያስጀመረው ይህ ጣቢያ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ በ2015ም ተመርቋል። ለታሕተ ቀይ ምልከታ ግን ከአዲስ አበባ መብራትና ከእርጥበቱ የራቀ፣ ከፍ ያለ ስፍራ ይመረጣል፤ በላሊበላ አካባቢ ያሉት ከ4,000 ሜትር በላይ የሆኑ ተራሮች ለወደፊት ጣቢያ ሲጠኑ የቆዩትም ስለዚህ ነው። ከማውንት ብሉ ስካይ ጋር በከፍታ የሚወዳደሩ ናቸው፤ ለምድር ወገብም ስለሚቀርቡ ሠውርንም የደቡቡንም ሰማይ ያያሉ። ንድፈ ሐሳቡንም በተመለከተ፣ የእንጦጦውን ማእከል የመሩት ዶክተር ሰሎሞን በላይ ተሰማ ከስዊድናዊው ኡልፍ ቶርኬልሶን ጋር በ2010 ያሳተሙት ጥናት መግነጢሳዊ በሆኑ ከዋክብት ዙሪያ ያሉ ቀጫጭን ዲስኮችን አወቃቀር የሚመለከት ነው።

በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰየም ሲያድል፣ ለኢትዮጵያ የደረሷት ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቷም አቦል ተብለዋል። ለቶናና ለበረካ ገና ቦታ አለ።

ከሃቫና አካባቢ ለሚኖር አንባቢ ከእነዚህ ሁሉ በባዶ ዓይን የምትታየው ኤፕሲሎን አውራይጌ ናት። ከአውሮራ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ መብራቱ ወደሚሳሳበት ሜዳ ወጣ ብሎ በጥር ምሽት ከራስ በላይ ካፔላን መፈለግ ነው፤ ከአጠገቧ ካሉት ሦስት ደብዛዛ ከዋክብት ለካፔላ የምትቀርበው እርሷ ናት። ቲ ታውሪን ለማየት መካከለኛ ቴሌስኮፕና ጨለማ ሰማይ ያስፈልጋል፤ ያም ቢሆን የሚታየው ሰሜናዊው ወንድም ብቻ ነው። በደቡብ ዴንቨር ኦብዘርቫቶሪ ፓርክ የሚገኘው የቻምበርሊን ጣቢያ ከ1894 ጀምሮ የሚሠራ የ50 ሴንቲሜትር ሌንስ ያለው ቴሌስኮፕ አለው፤ የዴንቨር የሥነ ፈለክ ማኅበርም ለብዙ ዓመታት በዚያ ሕዝባዊ ምሽቶችን ሲያዘጋጅ ኖሯል። የኤፕሲሎን አውራይጌ ቀጣይ ግርዶሽ የሚጀምረው በ2036 ግድም ነው።